ከማዳበሪያው በፊት ውሃው፦ ኦርኪድን በሞያሌ ቤት ውስጥ ማሳደግ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ በሞያሌ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ሆናችሁ የቤት ውስጥ አበባ ለምትወዱ፣ በተለይም ኦርኪድ ገዝታችሁ ወይም በስጦታ አግኝታችሁ መስኮት አጠገብ ላስቀመጣችሁ የሚሆን ዝግጅት ይዘን ቀርበናል። ስለ ውሃና ስለ ማዳበሪያ እንነጋገራለን።

ገበያ ላይ አብዝቶ የሚገኘው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ነው። ሰፋ ያሉ ወፍራም ቅጠሎች አሉት። ከቅጠሎቹ ሥር ረጅም ዘንግ ያወጣና የእሳት ራት ክንፏን የዘረጋች የሚመስሉ አበቦችን ይደረድርበታል። አበባው ሁለትና ሦስት ወር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ እዚያ ዝናብ በማይለየው ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ይህን ያዙልኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ኦርኪድ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ምን ማዳበሪያ ልስጠው?» ብሎ ነው። መልካም ጥያቄ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት፣ «የማጠጣው ውሃ ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ነው። የትኛው ማዳበሪያ እንደሚሻል፣ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚወስነው ውሃው ነውና።

ዛፍ ላይ የሚኖር ተክል አፈር የለውም። ሥሩ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ወይም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። የሚያገኘው ውሃ ዝናብና ጉም ነው፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። ዝናቡ በቅጠልና በግንድ ላይ ሲወርድ ከአቧራው፣ ከወፍ ኩሱ፣ ከበሰበሰው ቅጠል ጥቂት ንጥረ ነገር ያጥብና ለሥሩ ያደርሳል። ኦርኪድ በዚያች ጥቂት ነገር መኖር የለመደ ተክል ነው።

ሥሩን አውጥታችሁ ብታዩት ነጭ ወይም ብርማ ነው። ያ ነጭ ሽፋን ቬላመን ይባላል፤ ባዶ የሆኑ የሞቱ ህዋሳት ተደራርበው የሠሩት ነው። ውሃ ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ይመጥና ሥሩ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የያዘውን ውሃ ደግሞ ለሰዓታት አይለቅም። ደን ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አልፎ የሚሄደውን ዝናብ ቶሎ ይይዝበታል። ቤት ውስጥ ግን ውሃው ጨዋማ ከሆነ ያው ሽፋን ጨውንም ይዞ ያስቀራል። ውሃ ይተናል፤ ጨው አይተንም። በሚቀጥለው ሳምንት ስታጠጡ ሌላ ጨው ይጨመራል፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ተክሉ ለወራት ደህና መስሎ ይታያል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የቅጠሉ ጫፍ አርሮ ስታዩት ሥሩ መጎዳት ከጀመረ ቆይቷል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ውሃ እንምጣ። ሞያሌ ውስጥ ውሃ ከብዙ ቦታ ይመጣል። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ አለ፤ ዝናብ ከሚሞላው ኩሬ የሚቀዳ አለ፤ በቦቴ የሚመጣ አለ፤ በጀሪካን ተሞልቶ በአህያ ጋሪ ቤት ለቤት የሚሸጥ አለ። ዛሬ የገዛችሁት ጀሪካንና የዛሬ ሳምንት የምትገዙት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «የሞያሌ ውሃ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ውሃ ማወቅ አለበት።

የደረቅ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ከዓለቱ ጋር ብዙ ዘመን ይቀመጣል። እዚያ ሆኖ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ከዓለቱ እየሟሟ ይገባበታል። ዝናቡ ትንሽ፣ ትነቱ ብዙ በመሆኑ ጨዉን አጥቦ የሚወስድ በቂ ውሃ የለም። ወደ ያቤሎ ስትሄዱ በመጋና በዱብሉቅ መካከል ያለውን፣ ሰዎች ወርደው ጨው የሚያወጡበትን ኤል ሶድን አይታችሁ ይሆናል። ከማርሳቢት በስተምዕራብ ያለው የቻልቢ በረሃም ጨው አውጥቶ ነጥቶ ይታያል። የእኛ ጉድጓድ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጨው ቅርብ በሆነበት ምድር ላይ እንደምንኖር ግን ማወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። «እኛ የምንጠጣው ውሃ እንዴት አበባ ይጎዳል?» ይላል። የሰው ሆድና የኦርኪድ ሥር አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 600 ሚሊግራም የሟሟ ንጥረ ነገር ያለበትን ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ይለዋል። ለኦርኪድ ግን ከ100 ሚሊግራም በታች ቢሆን በጣም ጥሩ፣ እስከ 200 ቢደርስ የሚሠራበት፣ ከ300 ካለፈ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ያለ ሐሳብ የምትጠጡት ውሃ ኦርኪዳችሁን ቀስ በቀስ ሊገድለው ይችላል።

ታዲያ ውሃችን ምን እንደያዘ በምን እናውቃለን? ከሁሉ የሚቀለው በኪስ የሚያዝ የውሃ ጨው መለኪያ ነው፤ ሻጮቹ ቲዲኤስ ሜትር ይሉታል። ጫፉን ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ቁጥር ያወጣል። ዋጋው ውድ አይደለም፤ ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ አንዱን በጋራ ብትገዙት ይበቃችኋል። መለኪያ ባይኖርም ቤታችሁ ውስጥ ያለው ማንቆርቆሪያ ይነግራችኋል። ውስጡን ተመልከቱት። ነጭ ድርቅ ያለ ነገር ጋግሮበት ከሆነ ውሃችሁ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ በተለምዶ ከባድ ውሃ የምንለው ነው። ሳሙና እንቢ ብሎ የማያረፋ ከሆነም ምልክቱ ያው ነው።

አንድ ሌላ ሙከራ አለ፤ ለልጆችም ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ሦስት ንጹሕ የመስታወት ሳህኖች አምጡ። በአንዱ የጉድጓድ ውሃ፣ በሌላው የቦቴ ውሃ፣ በሦስተኛው የዝናብ ውሃ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ አድርጉና ፀሐይ ላይ አድርቁ። ሲደርቅ በየሳህኑ ላይ የቀረውን ነጭ ቀለበት አስተያዩት። ያ የቀረው ነገር ነው የኦርኪዳችሁ ሥር ላይ በየሳምንቱ የሚቀረው።

ጨው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። መለኪያው ብዛቱን እንጂ ዓይነቱን አይነግራችሁም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለተክሉ ምግብ ናቸው፤ ሲበዙ ነው የሚያስቸግሩት። ሶዲየም ግን ኦርኪድ የማይፈልገው ነው፤ ሥሩን ያደርቃል፣ የሌሎቹንም ቦታ ይይዛል። መለኪያው ከፍተኛ ቁጥር እያሳየ፣ ውሃው ምላስ ላይ ጨው ጨው እያለ፣ ነገር ግን ሳሙና በደንብ የሚያረፋበትና ማንቆርቆሪያ ላይ ብዙ የማይጋግር ከሆነ ሶዲየም ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን ውሃ ለኦርኪድ አትስጡ። ሌላው የሚያስቸግር ነገር ባይካርቦኔት ነው። የማሰሮውን ውስጥ ቀስ በቀስ አልካላይን ያደርገዋል። ኦርኪድ የሚመቸው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ብረትን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ማሰሮው ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም፤ አዲስ የወጣው ቅጠል ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ይገረጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውሃውን ለማሻሻል ሰዎች ብዙ ነገር ይሞክራሉ፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን እንለይ።

ማፍላት በከፊል ይሠራል። ውሃው ሲፈላ ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ ተጣብቀው ነጭ ሆነው ይዘቅጣሉ፤ ቀዝቅዞ ሲጠል ከላይ ቀስ ብላችሁ ትቀዳላችሁ። ሶዲየምን ግን ማፍላት አያወጣውም። እንዲያውም ከፊሉ ውሃ ስለሚተን ጨዉ ይወፍራል። ከሰሉና ነዳጁም ገንዘብ ነው፤ ለአበባ ሲባል ብቻ ማፍላት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ፒኤቹን ለጊዜው ያወርደዋል፤ ጨዉን ግን አንዲት ሚሊግራም አይቀንሰውም። ለመጠጥ ውሃ የምንጨምረው ክሎሪን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ውሃ አጋር እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት፣ በታዘዘው መጠን ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ ብታሳድሩት አብዛኛው ይወጣል። የታሸገ ውሃ ለመስጠት የምታስቡ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ሶዲየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ባይካርቦኔቱ በሚሊግራም ተዘርዝሮ ይገኛል። የማዕድን ውሃዎች፣ ለምሳሌ አምቦ ውሃ፣ ለሰው ጥሩ ቢሆኑም ለኦርኪድ ከጉድጓድ ውሃ አይሻሉም።

በኬንያ ከተሞች ውሃን በግፊት በወንፊት አሳልፈው ጨዉን አስቀርተው በጀሪካን የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ያ ውሃ ጨው ስለሌለው ለኦርኪድ ይስማማል፤ ካልሲየምና ማግኒዚየምም እንደሌለው ግን አስታውሱ። ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚሻለው ከሰማይ የሚወርደው ነው። ቦረናዎች ገንና የሚሉት ዋናው ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ሀገያ የሚሉት ትንሹ ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። ያ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራችሁ ላይ ያርፋል። እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 20 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ጥሩ ዝናብ 10 ሚሊሜትር ቢጥል 200 ሊትር ይሆናል፤ አሥር ጀሪካን ማለት ነው። አንድ መካከለኛ የኦርኪድ ማሰሮ በሳምንት ወደ አንድ ሊትር ቢወስድ በዓመት 52 ሊትር ነው፤ ሦስት ጀሪካን አይሞላም። ሦስት ማሰሮ ያለው ሰው ለዓመት 156 ሊትር ይበቃዋል። አያችሁ? የአንድ ቀን ዝናብ የሦስት ኦርኪድ የዓመት ቀለብ ነው።

ይህን ሒሳብ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ፣ ሴቶችና ልጆች ለውሃ ተራ በሚይዙበት አገር፣ አበባ ማሳደግ ቅንጦት ነው የሚል ሰው አለ። ሐሳቡን አከብረዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ይጠጣ፣ ከብቱም ይጠጣ። ኦርኪድ ግን ውሃ አባካኝ ተክል አይደለም። ከጓሮ አትክልት ጋር ብታወዳድሩት የሚወስደው እጅግ ትንሽ ነው። የሚጠይቀው ጥራቱን ነው።

ዝናቡን ስትይዙ የመጀመሪያውን ውሃ አትቅዱ። ለወራት ጣራ ላይ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚወርደው እሱ ነው፤ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይውረድ፣ ከዚያ በኋላ ያዙት። መያዣው ፕላስቲክ ይሁን። ባዶ ቆርቆሮ በርሜል ዚንክና ዝገት ሊያወጣ ስለሚችል አልመክረውም። መያዣውን ከፀሐይ አርቁ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ብርሃን ከገባበት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ክፍት ከተተወ ደግሞ የወባና የሌሎች በሽታ አስተላላፊ ትንኞች መራቢያ ይሆናል። ለአበባ ብለን የቤተሰብን ጤና አደጋ ላይ መጣል የለብንም፤ ስለዚህ ክዳን ከሌለው ቢያንስ በጥሩ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩት።

የዝናብ ውሃችሁ ካነሰ ከጉድጓዱ ጋር ቀላቅሉት። ለምሳሌ የጉድጓዱ ውሃ 600 ሚሊግራም፣ የዝናቡ 10 ቢሆን፣ አንድ እጅ የጉድጓድ ውሃ በሦስት እጅ ዝናብ ስትቀላቅሉ ወደ 160 ገደማ ይወርዳል። ይህ ለፋላኖፕሲስ መልካም ውሃ ነው። እንዲያውም ከጉድጓዱ የመጣው ካልሲየም ለተክሉ ይጠቅመዋል። ይህ ምክር የሚሠራው ግን የጉድጓዱ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ካልሆነ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ማዳበሪያው ላይ ደረስን።

እዚህ አካባቢ በቀላሉ የሚገኘው የእህል ማዳበሪያ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ዩሪያ አለ፤ በአንድ ወቅት ዳፕን ተክቶ የገባ ኤንፒኤስም ነበር። በኬንያ በኩል የግብርና ዕቃ መሸጫዎች ዳፕና ካን የሚባሉትን ይሸጣሉ። እነዚህ ለጤፍ፣ ለበቆሎ፣ ለስንዴ ማሳ የተሠሩ ናቸው። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት አለው፤ ናይትሮጅኑ ሁሉ በአሞኒየም መልክ ነው። ማሳ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የኦርኪድ ማሰሮ ግን አፈር የለበትም፤ ቅርፊትና ከሰል ብቻ ነው፤ ያ ሥራ በዝግታ ነው የሚካሄደው። ስለዚህ አሞኒየሙ ሥሩ አጠገብ ይከማቻል። ካን የሚባለው ግማሹ ናይትሬት ቢሆንም ፍሬው ኖራ ስላለበት በውሃ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ማሰሮው ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። የማሳውን ማዳበሪያ ቆንጥሮ ማሰሮው ላይ መበተን ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፍሬው ያረፈበት ሥር ይቃጠላል።

ስለ ናይትሮጅን ዓይነት የተሠራ ጥናት አለ። ዪን ቱንግ ዋንግ የተባሉ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ናይትሬት የሆነላቸው ፋላኖፕሲሶች በተሻለ አድገው በተሻለ አብበዋል። ዩሪያን በተመለከተ ድሮ «ኦርኪድ ከቶ አይጠቀምበትም» ይባል ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋላኖፕሲስ ዩሪያን በሥሩ በቀጥታ መውሰድ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ በማዳበሪያው ካርቶን ላይ ትንሽ ዩሪያ መኖሩን ብታነቡ አትደንግጡ። ብቻውን ዩሪያ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፎስፎረስ የለው፣ ፖታሲየም የለው፣ ካልሲየም የለው።

ምን እንግዛ ታዲያ? በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ዱቄት ግዙ። በናይቫሻ፣ በዝዋይ፣ በሆለታ ያሉት የጽጌረዳ እርሻዎች በውሃ አሟሙተው የሚሰጡት ዓይነት ነው፤ ለእነሱ ሲባል ወደ ሁለቱም አገር ይገባል፤ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ በትንሽ በትንሹ ታሽጎ የሚሸጥበት አለ። 20-20-20 ወይም 19-19-19 የተጻፈበት ለጀማሪ ይበቃል፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የፖታሽ መቶኛ ናቸው። ከዚህ ሌላ ካልሲየም ናይትሬት የሚባል አለ፤ ናይትሮጅኑ ወደ 15.5 በመቶ፣ ካልሲየሙ ወደ 19 በመቶ ነው። ሦስተኛው ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ኤፕሶም ጨው የሚባለው ነው።

በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለኦርኪድ ያዘጋጀው ቀመር የዛሬውን ነገራችንን በደንብ ያስረዳል። አንድ ብቻ አይደለም ያዘጋጁት፤ ሁለት ነው። አንደኛው ለዝናብና ጨው ለተጣራ ውሃ ሲሆን 13-3-15 ሆኖ 8 በመቶ ካልሲየምና 2 በመቶ ማግኒዚየም ተጨምሮበታል። ሁለተኛው ለጉድጓድ ውሃ ሲሆን ካልሲየሙ በጣም ያነሰ ነው፤ ያ ውሃ ካልሲየሙን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ። ቀድሞ ውሃው ታወቀ፣ ከዚያ ማዳበሪያው ተቀመመ። ፎስፎረሱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነም ልብ በሉ።

ስለ መጠኑ ስንነጋገር አንድ ነገር በቃላችሁ ያዙ፤ ማዳበሪያም ጨው ነው። ውሃው ያለው ጨውና ማዳበሪያው የሚጨምረው ጨው ተደምረው በሊትር ከ500 ሚሊግራም ባይበልጡ ለፋላኖፕሲስ ደህና ነው። አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ 20-20-20፣ ወደ 5 ግራም የሚሆን፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ብታሟሙ በሊትር 250 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅኑ 50 ሚሊግራም ነው። ውሃችሁ 100 ከሆነ ድምሩ 350፤ መልካም ነው። ውሃችሁ 800 ከሆነ ግን ማዳበሪያውን ሳትጨምሩ ገና ወሰኑ አልፏል፤ ለማዳበሪያው ቦታ የለም። በ5 ሊትር ጀሪካን የምትበጠብጡ ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ለጓሮ አትክልት የተጻፈ ነውና አትከተሉት።

የዝናብ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ እኔ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው፦ ለሁለት ሳምንት ይህንኑ ቀጭን 20-20-20 ስጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት በዚያው ልክ ካልሲየም ናይትሬት ስጡና ከማግኒዚየም ሰልፌቱ ትንሽ ቁንጣሪ ጨምሩበት፤ በአራተኛው ሳምንት በባዶ ውሃ እጠቡት። ሁለቱን ዱቄቶች ግን ወፍራም አድርጋችሁ አንድ ላይ አትበጥብጡ፤ ካልሲየሙና ሰልፌቱ ተያይዘው ጄሶ ይሆኑና ይዘቅጣሉ። አንዱን በጀሪካኑ ሙሉ ውሃ ካሟሟችሁ በኋላ ሌላውን ጨምሩ። የተቀላቀለ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ካልሲየም ናይትሬቱ አያስፈልጋችሁም። አበባውና ዘንጉ ሳይኖር፣ አዲስ ቅጠልም አዲስ ሥርም ሳያወጣ ያረፈ ተክል ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያውን በወር አንዴ አድርጉት።

ማጠብ ያልኩት እንዲህ ነው። ማሰሮውን ባልዲ ላይ አንጠልጥሉት፤ የማሰሮውን ይዘት ሁለት እጥፍ የሚሆን ውሃ ከላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ከታች የሚወጣው ውሃ የተከማቸውን ጨው ይዞ ይሄዳል። ያን ውሃ አትድፉት። ኦርኪዱን የሚጎዳው ጨው ግቢ ውስጥ ላለ ኒም ወይም ፓፓያ ምንም አይደለም፤ ማዳበሪያም አለበት። ማሰሮውን ሳህን ላይ ውሃ እንዲተኛበት አድርጎ መተው ግን ማጠቡን ዋጋ ያሳጣዋል፤ የወረደው ጨው ተመልሶ ይመጠጣል።

ስለ ቤት ውስጥ ማዳበሪያዎችም ይጠይቁኛል። አመድ አትጨምሩ፤ አልካላይን ነው፣ ያለውን ችግር ያብሰዋል። የፍየልና የግመል ፋንድያ ለማሳ ወርቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ቅርፊት ባለበት ማሰሮ ላይ ግን ይበሰብሳል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ጨውም አለው። የተከተፈ ከሰል ለኦርኪድ መትከያ ጥሩ ነው፤ ሞያሌም ከሰል አይጠፋም። ከመትከላችሁ በፊት ግን አመዱ እስኪለቅ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ብታሳድሩት ይሻላል።

«አበባ አምጪ» ተብሎ መካከለኛው ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ፣ 10-52-10 ዓይነት ማዳበሪያ ይሸጣል። ገንዘባችሁን አታውጡበት። ፋላኖፕሲስን ዘንግ የሚያስወጣው ቅዝቃዜ ነው። ዘወትር ከ28 ዲግሪ በላይ የሆነ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ቅጠል እያወጣ ይኖራል እንጂ አያብብም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቦረናዎች አዶሌሳ የሚሉት ቀዝቃዛ ወቅት ለእኛ የተሰጠ ዕድል ነው፤ በእነዚያ ወራት ማሰሮውን ሌሊት ቀዝቀዝ ወደሚለው መስኮት አስጠጉት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ እዚህ ድንበር ላይ ስለምንኖር ይመለከተናል። ኦርኪድ የውጭ አገር ተክል ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን ባዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ከ150 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ኤራንጊስ የሚባሉት ነጫጭ ኮከብ የመሰሉ አበቦች በኢትዮጵያም በኬንያም ዛፍ ላይ ይበቅላሉ፤ አንዳንዶቹ ሌሊት ሌሊት የሚያውድ ሽታ አላቸው። እጅግ ያምራሉ። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን ተክሉን ማጥፋት ነው፤ አብዛኛው ቤት ውስጥ አይቆይም። ድንበር ማሻገሩንም ሕግ ይገድበዋል፤ የኦርኪድ ዝርያዎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ይደረግላቸዋል፤ ሁለቱም አገሮች ፈራሚ ናቸው። የገዛችሁትንም ተክል ቢሆን ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ኬላው ላይ ጠይቁ። በሕጋዊ መንገድ ተባዝቶ የተሸጠ ኤራንጊስ ካገኛችሁ ደግሞ ከፋላኖፕሲስ ይልቅ ጨው አይችልምና የነገርኳችሁን ማዳበሪያ በግማሽ ቀንሱለት፤ ከዝናብ ውሃ በቀር አትስጡት።

በመጨረሻ ስለ ቦና። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ያ ረጅም ደረቅ ወቅት የያዛችሁትን ዝናብ ሊጨርስባችሁ ይችላል። ውሃው ማለቅ ሲጀምር መጀመሪያ የምታቆሙት ማዳበሪያውን ነው፤ ማዳበሪያ ያልተሰጠው ተክል መታጠብም ብዙ አይፈልግም፤ የቀረችው ውሃ ለመጠጥ ብቻ ትሆንለታለች። ማሰሮውን ከነፋስና ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት። ቅጠሉ ትንሽ ቢለሰልስ አይሞትም፤ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ከመስጠት ለጥቂት ቀናት ደረቅ ሆኖ ቢቆይ ይሻለዋል። የተረፈውን የማዳበሪያ ዱቄት አጥብቃችሁ እሰሩና ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ የተበጠበጠ ማዳበሪያ ፈጽሞ አታስቀምጡ።

የሳህኑን ሙከራ የሠራችሁ ያያችሁትን ጻፉልን፤ ውሃውን ከየት እንደቀዳችሁም ጨምሩበት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ብርሃንና ስለ ክፍል እርጥበት እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)